አንድሮሜዳና ዝም ያለው አባቷ

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ይህን የምቀዳው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ ነው። አሁን ገና ከውጭ መግባቴ ስለሆነ ጣቶቼ አልሞቁም፤ ማስታወሻ ደብተሬንም ጤዛ ነክቶታል። እንደምታውቁት ጨረቃ በማትታይበት ሰሞን፣ በየወሩ አንድ ሌሊት፣ ከመብራት ርቄ ሰማይ አያለሁ። በዚህ ወር ግን ልማዴን ጥሼ ስድስት ሌሊት በተከታታይ ወጣሁ። ዛሬ ስድስተኛው ነው። ለምን እንደወጣሁ ነገሩ ሳይቀዘቅዝብኝ ልንገራችሁ።

በወር አንድ ጊዜ መውጣት የጀመርኩት ጊዜ ስላጠረኝ ነበር። በኋላ ግን ወር የራሱ ጥቅም እንዳለው ገባኝ። ምድር በራሷ ዛቢያ ስትሽከረከር በፀሐይ ዙሪያም ስለምትጓዝ፣ ዛሬ ማታ በሦስት ሰዓት ከአናታችን በላይ ያየነው ኮከብ ነገ እዚያው ቦታ የሚደርሰው 4 ደቂቃ ያህል ቀድሞ ነው። አራት ደቂቃ ማንም ልብ አይለውም። በወር ሲጠራቀም ግን ሁለት ሰዓት ይሆናል። ልጅ ማደጉን አብሮት የሚውል ሰው አያስተውለውም፤ አልፎ አልፎ ብቅ የሚል ዘመድ ነው «እንዴት አደገ!» የሚለው። እኔም ለሰማይ እንደዚያ ዘመድ ነኝ። ባለፈው ወር በምሥራቅ በኩል ገና ብቅ ስትል የተሰናበትኳት ኮከብ፣ በዚህ ወር በዚያው ሰዓት ከፍ ብላ ትቀበለኛለች።

እንደ እኔ መውጣት ለምትፈልጉ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ታገሡ። ዓይን ጨለማን በደንብ የሚለምደው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ በመካከል የስልክ መብራት አንድ ጊዜ ካያችሁ ደግሞ ከመጀመሪያው መጀመር ነው። የሚበዙት ሰዎች ዓይናቸው ገና ሳይከፈት «ምንም የለም» ብለው ይመለሳሉ፤ ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

በመጀመሪያዎቹ ወራት እኔም ተስፋ ቆርጬ ነበር። መጽሐፍ ላይ የታሰረች ሴት፣ ክንፍ ያለው ፈረስ፣ ዙፋን ላይ የተቀመጠች ንግሥት ተሥለዋል። ቀና ብዬ ሳይ ግን የተበተነ ነጠብጣብ ነው። አንዲት ሴት በእነዚያ ኮከቦች ውስጥ እንዴት ትታያለች? ብዙ ቆይቼ ነው የተረዳሁት፤ ሰዎች መጀመሪያ ሥዕሉን አይተው ከዚያ ተረቱን አልፈጠሩም። ተረቱ በእጃቸው ነበር፤ ኮከቦቹን እንዳይረሱ በእርሱ ሰፏቸው። አንዱን ስም ስትጠሩ የጎረቤቱ ስም ይከተላል፤ እናቲቱ ካለች ልጂቱ ቅርብ ናት፣ ልጂቱ ካለች አዳኟ ከእግሯ ሥር ነው። ዛሬ ሰማይ በ88 ኅብረ ከዋክብት ተከፍሏል። ዝርዝሩ በ1922 በዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ማኅበር ጸደቀ፤ ድንበራቸውም በ1930 ታትሞ ወጣ። (በዚህ ክፍል የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከእነዚህ ውስጥ ግማሽ የሚያህሉት በሁለተኛው መቶ ዘመን በእስክንድርያ የኖረው የከዋክብት ሊቅ ፕቶሌሚ ከመዘገባቸው 48 የወረዱ ናቸው። አንድ ቤተሰብ በሙሉ በሰማይ ላይ ጎን ለጎን የሰፈረው ግን በአንድ ተረት ብቻ ነው፤ እርሱም የአንድሮሜዳ ታሪክ ነው።

ካሲዮፒያ የምትባል ንግሥት በውበት ከባሕር ልጃገረዶች እንበልጣለን ብላ ተመጻደቀች። የባሕሩ አምላክ ፖሲዶን ተቆጣ፤ ጎርፍና አውሬ በአገሪቱ ላይ ለቀቀ። ንጉሡ ሴፊየስ ምን ላድርግ ብሎ ወደ ጠንቋይ ቢልክ «ልጅህን ለአውሬው ስጥ» ተባለ። አንድሮሜዳን ከባሕር ዳር ዐለት ጋር በሰንሰለት አሰሯት። በዚህ መካከል ፐርሲየስ፣ ፀጉሯ እባብ የሆነውን የሜዱሳን ራስ ቆርጦ ሲመለስ፣ አያት። አውሬውን ገደለ፤ አገባት።

የዚህ ቤተሰብ አገር በግሪኮቹ ትረካ ኢትዮጵያ ነው። ይህን ስም ስሰማ ልቤ አብሮ ይነሣል፤ አልደብቃችሁም። ሆኖም የግሪኮቹ ቃል «የተቃጠለ ፊት» ከሚል የወጣ፣ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ ምድር ሁሉ የሚጠቀልል ስም ነበር፤ የዛሬውን ካርታ በላዩ ማስቀመጥ አይቻልም። ታሪኩን ወደ ኢዮጴ፣ ማለትም ወደ ዛሬዋ ያፋ የወሰዱም ነበሩ፤ በመጀመሪያው መቶ ዘመን የጻፈው አይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ፍላቪየስ ዮሴፍ (ጆሴፈስ) የሰንሰለቱ ምልክት እዚያ ይታያል ይላል። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድ በአንድ ግጥሙ ፐርሲየስን የማረከችው የአገሯ ቀለም ያጠየማት አንድሮሜዳ እንደሆነች ይናገራል። ብዙዎቹ የአውሮፓ ሠዓሊዎች ግን ለዘመናት ነጭ አድርገው ሥለዋታል። ጠይሟ ልጅ ከሸራው ላይ ጠፋች፤ እኔ ግን ቀና ባልኩ ቁጥር የማያት እርሷን ነው።

እናቲቱን ለማግኘት መጽሐፍ አያስፈልግም፤ ፊደል መቁጠር ይበቃል። አምስቱ ደማቅ ኮከቦቿ ከሰሜን ዋልታ በላይ ስትሆን «ሐመሩ ሐ»ን ይመስላሉ፤ ወደ ሰሜን ርቀው የሚኖሩ ሰዎች ከዋልታው በታች ስትዞር ሲያዩዋት ደግሞ «ንጉሡ ሠ»ን ትመስላለች። ተረቱ ይህንንም ቅጣት ይለዋል፤ ከነዙፋኗ ስትገለባበጥ ትኖራለች። ለምድር ወገብ ቅርብ ለሆነ ሰው ግን አትገለበጥም፤ ከአድማስ በታች ትጠልቃለች።

አዳኙ ፐርሲየስ በእጁ ሜዱሳን ይዟል። ዓይኗ አልጎል የሚባለው ኮከብ ነው፤ ስሙ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን «የጋኔን ራስ» ማለት ነው። ጋኔንነቱም የተገባ ነው፤ በየ2 ቀን ከ20 ሰዓት ከ49 ደቂቃው ይደበዝዛልና። ይህን መቁጠሪያ ያገኘው በእንግሊዝ አገር በዮርክ ከተማ የነበረ ጆን ጉድሪክ የተባለ ወጣት ነው። ገና ሕፃን ሳለ በሕመም መስማት የተሳነው ልጅ ነበር። በ1782 መገባደጃ፣ በ18 ዓመቱ፣ አልጎልን ከመስኮቱ ሲከታተል ቆይቶ አንድ ሌላ አካል እየዞረ ሳይጋርደው አልቀረም አለ። ይህ ሐሳቡ በ1889 ተረጋገጠ። እርሱ ግን አላየውም፤ በ1786 በ21 ዓመቱ ሞቷል።

አንድሮሜዳ ጋር ስትደርሱ ደግሞ ቀስ በሉ። ክንፍ ካለው ፈረስ፣ ከፔጋሰስ፣ ትልቅ አራት ማዕዘን ጥግ ላይ ካለው አልፌራትዝ ተነሡ። ከካሬው ወደ ውጭ በተዘረጋው የኮከቦች ሰልፍ ላይ ሚራክ እስከምትባለው ሂዱ። ከዚያ ወደ እናቲቱ ታጠፉና ሁለት ደብዛዛ ኮከቦችን ቁጠሩ። ከሁለተኛዋ አጠገብ፣ በቀጥታ ሳይሆን በዓይናችሁ ጠርዝ ስታዩ፣ የተነፈሰ ጉም የመሰለ ነገር አለ። በ964 የጻፈው ፋርሳዊው የከዋክብት ሊቅ አል ሱፊ «ትንሽ ደመና» ብሎ መዝግቦታል። መጀመሪያ ያገኘሁት ሌሊት እስትንፋሴ ሌላ ጉም እንዳይጨምርበት አፌን ይዤ ነበር። ያ ደመና የአንድሮሜዳ ጋላክሲ፣ ማለትም እጅግ ብዙ ከዋክብት የተሰበሰቡበት ስብስብ ነው። ዓይኔ ውስጥ የገባው ብርሃን ከዚያ የተነሣው ከ2.5 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው።

አሁን ወደ ስድስቱ ሌሊቶች ልምጣ።

ይህን ታሪክ ለዓመታት ስተርክ አባትየውን በአንድ ዐረፍተ ነገር አልፈው ነበር። እናቲቱ ተናገረች፣ ልጂቱ ታሰረች፣ ጎበዙ መጣ። ሴፊየስስ? ጠየቀ፣ ታዘዘ፣ ልጁን ሰጠ። በሰማይ ላይም እንደዚሁ እዘለው ነበር። ኮከቦቹ ደካማ ናቸው፤ ቅርጹም ሕፃን የሣለውን ጣሪያ ያለው ቤት ይመስላል። ካሲዮፒያ ከጎኑ እያበራች ማን እርሱን ያያል? በደብተሬ ውስጥ ስለ እርሱ አንድ መስመር አልነበረም። ልጁን አሳልፎ የሰጠ አባት ላይ ዓይኔን ማሳረፍ አልፈለግሁም ብል ማጋነን አይሆንም።

ሐሳቤን ያስለወጠኝ በእርሱ ጥግ ያለች ዴልታ የምትባል አንዲት ኮከብ ናት። በ1784 ያው ጉድሪክ ነው ስትለዋወጥ ያያት። በ5 ቀን ከ9 ሰዓት ገደማ ትደበዝዝና ተመልሳ ትደምቃለች፤ እርሷን የሚጋርድ የለም፣ ራሷ እየተነፋች እየተሰበሰበች ነው። እንደ እርሷ ያሉት ኮከቦች ሁሉ በአባትየው ስም ሴፊይድ ተባሉ። ከዚያም በ1912 በሃርቫርድ የምትሠራ ሄንሪታ ሊቪት የተባለች ሴት፣ እርሷም የመስማት ችሎታዋ የከዳት፣ ትንሹ የማጄላን ደመና በሚባለው ትንሽ ጋላክሲ ውስጥ ያሉ 25 ሴፊይዶችን መርምራ ሕጋቸውን አሳየች፤ ዑደታቸው የረዘመው ብርሃናቸው ይበልጣል። በሩቅ ያለ መብራት ስንት ሻማ እንደሆነ ካወቃችሁ፣ ምን ያህል እንደደበዘዘ አይታችሁ ርቀቱን ትገምታላችሁ። ሊቪት ለሰማይ የሰጠችው ይህን ነው።

በ1923 ጥቅምት ወር አሜሪካዊው የከዋክብት ተመራማሪ ኤድዊን ሃብል በአሜሪካ በማውንት ዊልሰን ካለው 2.5 ሜትር ቴሌስኮፕ ጋር ሆኖ በአንድሮሜዳ ደመና ውስጥ አንዲት ሴፊይድ አገኘ። በፎቶ መስታወቱ ላይ «ተለዋዋጭ!» ብሎ በቀለም ጻፈባት። ርቀቱን ብርሃን በ900,000 ዓመት የሚጓዘውን ያህል ገመተ፤ ቁጥሩ በኋላ ቢታረምም ያ ደመና ከእኛ ፍኖተ ሐሊብ ውጭ ያለ ራሱን የቻለ ጋላክሲ መሆኑ ታወቀ። ሊቪት ከሁለት ዓመት በፊት ሞታ ነበር።

ይህን ባነበብኩ ቀን መጽሐፉን አስቀምጬ ለረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ። ልጂቱ የት እንዳለች፣ ምን ያህል እንደራቀች ለሰው ልጅ የነገረው በአባቷ ስም የተጠራው ኮከብ ነው። በተረቱ አንድ ቃል ያልወጣው ያ ሰው። ስሞቹን ያወጣቸው ሰው ይህን ሊያውቅ አይችልም፤ ግጥምጥሞሽ ነው፣ አውቃለሁ። እንዲህ ያለ ግጥምጥሞሽ ግን ስድስት ሌሊት አያንሰውም።

ዴልታን መከተል መሣሪያ አይጠይቅም። በአጠገቧ ሁለት ጎረቤቶች አሏት፤ ዜታ ደመቅ ያለች፣ ኤፕሲሎን ደከም ያለች። ከእነርሱ ጋር ማስተያየት ነው። በወር አንዴ የሚወጣ ሰው የአምስት ቀን ዑደት አያይም፤ ስለዚህ በየማታው ወጣሁ። ደብተሬን ላንብብላችሁ።

የመጀመሪያው ሌሊት፦ ዴልታ ከዜታ በጥቂቱ ብቻ ታንሳለች። ሁለተኛው፦ በሁለቱ መካከል። ሦስተኛው፦ ከኤፕሲሎን ጋር ለመለየት አስቸገረችኝ። አራተኛው፦ ከኤፕሲሎን በታች ሆናለች። አምስተኛው፦ ደመና፤ እስከ ሰባት ሰዓት ጠብቄ ገባሁ።

ዛሬ፣ ስድስተኛው፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል፦ ሰማዩ ጠርቷል። ዴልታ ተመልሳለች፤ ከዜታ ጋር ልትስተካከል ምንም አልቀራት። ከሥሯ በኩል፣ ከካሲዮፒያ ወዲያ፣ ትንሿ ደመና ትታያለች።