ከግራፉ ግራ በኩል

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነው የማወራው። ጉዳዩ በየቀኑ የሚነዳ መኪና ላይ የሞተር ጉልበት የሚጨምር ጋዝ፣ ናይትረስ ኦክሳይድ፣ ገጥሞ በዳይኖ፣ ማለትም መኪናው ሮለር ላይ ቆሞ ጉልበቱ በሚለካበት ማሽን፣ ማስተካከል ነው። መኪናው ሮለር ላይ ሮጦ ሲቆምና ውጤቱ በወረቀት ሲወጣ፣ በዙሪያው የቆመው ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ስንት ፈረስ ጉልበት አወጣ?» ብሎ ነው። የእኔ ዓይን ቀድሞ የሚሄደው ወደ ግራፉ ግራ፣ ሞተሩ ገና ቀስ ብሎ እየዞረ መስመሩ ሽቅብ መውጣት ወደሚጀምርበት ቦታ ነው። የሞተሩ ዕድሜ የሚወሰነው እዚያ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከጋዙ ልነሣ። ናይትረስ ኦክሳይድ ራሱ አይነድም። በክብደቱ ሲለካ 36 ከመቶው ኦክስጅን ነው፤ የምንተነፍሰው አየር ግን 23 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው ያለው። ጋዙ በሲሊንደሩ ውስጥ ባለው ኃይለኛ ሙቀት ሲበተን ኦክስጅኑ ነፃ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ተጨማሪ ቤንዚን ማቃጠል ይቻላል። ጉልበቱ የሚመጣው ከቤንዚኑ ነው። ኦክስጅኑ በዝቶ ቤንዚኑ ካልተከተለው ሙቀቱ ከልክ ያልፍና ፒስተን ያቀልጣል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ይህንኑ ጋዝ አየሩ በሚሳሳበት ከፍታ ለሚበሩ አውሮፕላኖች ተጠቅመውበታል፤ ያኔም ቢሆን ሥራው ጎድሎ የነበረውን ኦክስጅን መሙላት ነበር።

አሁን ወደ ግራው ልመለስ። ጋዙ የሚገባው ጅግለር በምንላት ትንሽ ቀዳዳ በኩል ነው። ያቺ ቀዳዳ ሞተሩ ቀስ ብሎም ሆነ ፈጥኖ ቢዞር በሰከንድ የምታሳልፈው መጠን አንድ ነው። ስለዚህ የሚጨመረው ፈረስ ጉልበት ከታች እስከ ላይ ብዙም አይለያይም። ቶርኩ፣ ማለትም የማዞር ኃይሉ፣ ግን በእጅጉ ይለያያል። 100 ፈረስ ጉልበት በደቂቃ 6000 ዙር ላይ ሲጨመር 119 ኒውተን ሜትር ያህል ነው፤ ያው 100 በ3000 ዙር ላይ ሲጨመር 237 ይሆናል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር በደቂቃ የሚፈነዳው ጥቂት ጊዜ ስለሆነ ያው የጋዝ መጠን ለጥቂት ፍንዳታዎች ይከፋፈላል። እያንዳንዱ ፍንዳታ የሚደርሰው ድርሻ እጥፍ ነው ማለት ነው። ያን ጫና የሚሸከሙት ፒስተኑ፣ ፒስተኑን ከሚዞረው ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ቢየላና ከሞተሩ ራስ ሥር ያለው ማሸጊያ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን፣ ናቸው። ከላይ ያለው ቁጥር ምንም ያህል ቢያምር፣ በ2200 ዙር ላይ ጋዝ የተከፈተበት ሞተር ቢየላው ሊጣመም ይችላል። ለዚህ ነው ነዳጅ መስጫው እስከ ወለሉ ካልተረገጠ፣ ዙሩም 3000 አካባቢ ካልደረሰ ጋዙ እንዳይከፈት የሚያደርግ ማብሪያ የሚገጠመው። ዙሩ ወደ መጨረሻው ገደብ ሲጠጋም መልሶ መዝጋት አለበት።

በዳይኖ ላይ ረጅሙ ሥራ ጋዝ የሌለበት ነው። ይህን ስናገር ብዙዎች ፊታቸው ይጨልማል፤ ለጋዙ ነዋ የመጡት! እኔ ግን የናይትረሱ ታንክ ተዘግቶ የሚደረጉትን ሩጫዎች እወዳቸዋለሁ። ዙሩ ከላይ ሲደርስ የነዳጅ ፓምፑ ግፊቱን ይጠብቃል ወይስ ይወርዳል? ሞተሩ ከወዲሁ የማንኳኳት፣ ማለትም ድብልቁ ያለ ሥርዓት የመፈንዳት፣ ምልክት ያሳያል? ከጭስ ማውጫው የተገጠመው መለኪያ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ሲረገጥ የአየርና የነዳጅ ምጣኔው፣ ማለትም ለአንድ እጅ ነዳጅ በክብደት የሚደርሰው አየር፣ ከ12.5 እስከ 13 መሆኑን ያሳያል? እዚህ ላይ የሚያመነታ መኪና ናይትረስ አይገጠምበትም። በቃ።

ከዚያ ትንሿ ጅግለር ትገባለች፤ የ50 ፈረስ ጉልበቷ። ምጣኔውን 11.5 እስከ 12 አካባቢ አድርጎ፣ ማለትም ነዳጁን ትንሽ አብዝቶ መጀመር ይሻላል። የካንዴላው እሳት የሚፈነጥቅበት ጊዜም ይዘገያል፤ የተለመደው መነሻ በየ50 ፈረስ ጉልበት 2 ዲግሪ ነው። ኦክስጅን የበዛበት ድብልቅ ፈጥኖ ስለሚነድ፣ እሳቱ ሳይዘገይ እንደ ቀድሞው ከተለኮሰ ፒስተኑ ገና ሽቅብ ሲመጣ ግፊቱ ጫፍ ይደርስና ይመታዋል። ካንዴላውም አንድ ደረጃ ቀዝቃዛ በሆነ፣ ማለትም ሙቀትን ቶሎ በሚያስወጣ፣ ይቀየራል፤ ከሩጫው በኋላም ተፈትቶ ይታያል። ኮምፒውተሩ ምንም ቢል የካንዴላውን ጫፍ ሳላይ ወደሚቀጥለው አልሄድም። በጫፉ ላይ ጥቃቅን የብር መልክ ያላቸው ነጠብጣቦች ከታዩ የፒስተን አሉሚኒየም ነው፤ የዚያ ቀን ሥራ እዚያው ያበቃል።

ብዙ ጊዜ ችላ የሚባለው የታንኩ ግፊት ነው። ጥሩው ከ62 እስከ 69 ባር ገደማ ነው። ታንኩ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይወርዳል፤ ጋዙ ይቀንሳል፤ ቤንዚኑ ግን እንደነበረው ስለሚቀጥል ምጣኔው ነዳጅ ይበዛበታል። ታንኩ ፀሐይ ላይ ሲውል ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ አደገኛውም ይህኛው ነው። ታንክ የሚሞቀው ራሱን በሚያጠፋ ማሞቂያ ብርድ ልብስ ብቻ ነው፤ እሳት ፈጽሞ አይቀርብም። ስለዚህ የታንኩ ግፊት ከጎኑ ያልተጻፈበት የዳይኖ ቁጥር ሲያሳዩኝ አላምነውም። ሁለት ሩጫ በሁለት የተለያየ ግፊት ከተሮጠ፣ ያወዳደርነው የታንኩን ሙቀት እንጂ ማስተካከያውን አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ክፍሉ። ጋዙ ቀለም የለውም፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከተጠራቀመ የኦክስጅኑን ቦታ ይወስዳል። በር ይከፈት፣ አየር ማውጫው ይሥራ።

ሁሉም ሲስተካከል የሚመጣ ፈተና አለ። የ75ቷ ጅግለር ገብታ ሩጫው ንጹሕ ሆኖ ሲወጣ አንድ ሰው «የ100ዋንስ?» ይላል። ጅግለር መቀየር የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ነዳጁን፣ እሳቱን፣ ካንዴላውንና ፓምፑን እንደገና መፈተሽ ግን ሰዓታት ይወስዳል። ፈጣኑ ሥራ ከዝግተኛው ቀድሞ እጅ ላይ ስለሚገኝ ሰው ይቸኩላል። እኔ ለመንገድ መኪና 75 ላይ አቁሙ እላለሁ። በዳይኖ ክፍል ውስጥ ትልቅ ማራገቢያ ፊት ለፊት ይነፍሳል፤ ቤንዚኑም የታወቀ ነው፤ ሩጫውም በሰከንዶች ያልቃል። መንገድ ላይ ቀኑ ይሞቃል፣ ከማናውቀው ማደያ እንቀዳለን፣ አቀበትም አለ። ያን ሁሉ የሚችል ትርፍ መጠን ሞተሩ ውስጥ መቅረት አለበት። በነገራችን ላይ በአንዳንድ አገሮች ታንኩን ከፍቶ በሕዝብ መንገድ መንዳት ክልክል ነው፤ ለእሽቅድምድም የተከለለ ሜዳ ይፈለግለት።

ጋዙን ቀስ በቀስ የሚለቀውስ መቆጣጠሪያ? ቫልቩን በፍጥነት እየከፈተና እየዘጋ፣ መጠኑን ከትንሽ ጀምሮ ዙሩ ሲጨምር ያሳድገዋል። የግራውን ጫና የሚያቃልል ስለሆነ እወደዋለሁ። ለ75 ግን የዙር ማብሪያዋ ትበቃለች፤ ሊበላሽ የሚችል አንድ ተጨማሪ ዕቃ መግጠም አያስፈልግም። ከ150 በላይ ለሚያስብ ሰው፣ ውስጡ በጠንካራ ፒስተንና ቢየላ የተሠራ ሞተር ካለው፣ መጀመሪያ የሚገዛው ይህን መቆጣጠሪያ ይሁን። በሚቀጥለው ዝግጅት ስለ ነዳጅ ፓምፕ እንነጋገራለን። በሰላም ቆዩኝ።