ዕዳው በዶላር፣ ኪራዩ በብር
(በሜሪላንድ ለሚኖሩ ወገኖች የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እሑዳችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የምናወራው አዲስ አበባ አፓርታማ ገዝቶ ስለማከራየት ነው። በተለይ እዚህ ያለ ቤታችሁን አስይዛችሁ፣ እኩዊቲውን (ከቤቱ ዋጋ ላይ ያለባችሁ ዕዳ ሲቀነስ የሚተርፈውን) በብድር አውጥታችሁ፣ እዚያ ለመክፈል ያሰባችሁ እንድትሰሙኝ እፈልጋለሁ። እኔ በሂሳብ ሥራ ነው የምተዳደረው፤ ቤት አልሸጥም። የታክስ ሰሞን ሲመጣ እንዲህ ያለ ብድር የወሰዱ ሰዎች ቢሮዬ ይመጣሉ። ብዙዎቹ ሂሳቡን የሚሠሩት ከፈረሙ በኋላ ነው።

እስቲ አንድ ቤት እንውሰድ። ቁጥሩ ለምሳሌ ነው፣ እናንተ የራሳችሁን አስገቡበት። ባለ ሁለት መኝታ፣ ዋጋው 10 ሚሊዮን ብር። ሻጩ «በወር 50 ሺህ ይከራያል» ይላችኋል። በዓመት 600 ሺህ፣ ማለትም 6 በመቶ። ደስ ይላል።

ግን ቤቱን የምትረከቡት ሴሚ ፊኒሽድ ነው እንበል። ሴራሚኩ፣ የኪችን ካቢኔቱ፣ የውስጥ በሩ፣ ቁም ሳጥኑ፣ የመታጠቢያ ቤት ዕቃው የእናንተ ወጪ ነው። 1 ሚሊዮን 800 ሺህ ብለን እንያዘው። ስም ሲዛወር 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ አለ፣ 200 ሺህ ብር። ቤቱ 12 ሚሊዮን ገባ ማለት ነው። አሁን ደግሞ ከኪራዩ እንቀንስ። ተከራይ ወጥቶ ሌላ እስኪገባ የአንድ ወር 50 ሺህ ሄደ። ለሊፍት፣ ለጄኔሬተር፣ ለጥበቃና ለጽዳት በወር 3 ሺህ፣ በዓመት 36 ሺህ። ለቀለም፣ ለቧንቧ፣ ለተቃጠለ ቦይለር 24 ሺህ። ለኪራይ ገቢ ግብር 100 ሺህ እንያዝ። እጃችሁ የሚገባው 390 ሺህ ነው። ከ12 ሚሊዮኑ 3.25 በመቶ። የተነገራችሁ 6 ነበር።

ብድሩን እናምጣው። ከዋጋው ግማሹን፣ 5 ሚሊዮን ብሩን፣ እዚያው አገር ቤት በ17 በመቶ ብትበደሩ፣ የመጀመሪያው ዓመት ወለድ ብቻ ወደ 850 ሺህ ይጠጋል። ቤቱ የሚያመጣው 390 ሺህ። ዋናውን ብድር ሳንቆጥር በዓመት 460 ሺህ ከኪሳችሁ ይወጣል። ቤቱ እናንተን ሳይሆን እናንተ ቤቱን ትቀልባላችሁ።

«እኔ እዚህ በ8 በመቶ አገኛለሁ» የሚል ይኖራል። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይኼ ነው። 8ም ቢሆን ከ3.25 ይበልጣል። በቤት እኩዊቲ የሚከፈት የክሬዲት መስመር ደግሞ ወለዱ አብዛኛውን ጊዜ ተለዋዋጭ ነው፤ ዛሬ 8 ያለው ነገ ከፍ ሊል ይችላል። ከሁሉ በላይ ግን ዕዳችሁ በዶላር ነው፣ ኪራያችሁ በብር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ላይ ብሔራዊ ባንክ ምንዛሬውን ለገበያ ሲለቀው አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። 877 ዶላር የነበረው 50 ሺህ ብር 500 ዶላር ሆነ። እዚህ ያለው አበዳሪ ግን አንዲት ሳንቲም አልቀነሰም። መክፈል ቢያቅታችሁም የሚወሰደው የአዲስ አበባው አፓርታማ አይደለም። ልጆቻችሁ የሚያድሩበት ቤት ነው።

«ኪራዩን እጨምራለሁ» ትሉኝ ይሆናል። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ ቢያንስ 2 ዓመት እንዲሆን ያዛል። ጭማሪውም በዓመት አንዴ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያሳውቀው ጣሪያ ነው። ለተከራዩ ፍትሐዊ ይመስለኛል። ስሌታችሁ ግን ይህን ይዞ መሠራት አለበት።

«ዋጋው ይጨምራል» የሚለውም እውነት ነው፣ በብር። በዶላር መልሳችሁ ስትቆጥሩት ሌላ ቁጥር ታገኛላችሁ። ሲሸጥም ትርፉ ላይ ግብር አለ።

ገና ያልተሠራ ቤት ከሆነ ጊዜውም ወጪ ነው። ርክክቡ በአንድ ዓመት ሲዘገይ ያ 600 ሺህ ኪራይ የለም፤ የተበደራችሁት ገንዘብ ወለድ ግን አያቆምም። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ወንድማችሁን ወይም እህታችሁን በውክልና ላኩና ካርታው በማን ስም እንደሆነ፣ ባንክ ይዞት ወይም እግድ ወጥቶበት እንደሆነ ያጣሩላችሁ። የግንባታ ፈቃዱንም በዓይናቸው ይዩት። ዋጋው በብር ተቆርጦ ያለቀ ነው ወይስ ከዶላር ጋር ይንቀሳቀሳል? ይህን የሚለውን አንቀጽ ሁለቴ አንብቡ።

አገር ቤት አትግዙ እያልኩ አይደለም። ለእናቱ ቤት የሚገዛ ልጅ ይባረክ። እሱ ትርፍ ፈልጎ አልገዛም፤ ሂሳቡም ሌላ ነው። ያንን በቁጠባችሁ አድርጉት፣ አትበደሩበት።

ትርፍ ፈልጋችሁ ከሆነ ግን እዚሁ ያለውንም አወዳድሩ። የክሬዲት ነጥባችሁ 580ና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ እስከ 4 ቤተሰብ የሚይዝ ቤት በኤፍኤችኤ (የአሜሪካ መንግሥት ዋስትና በሚሰጠው) የቤት ብድር በ3.5 በመቶ ቅድመ ክፍያ መግዛት ይቻላል። አንዱ ውስጥ ራሳችሁ ቢያንስ አንድ ዓመት መኖር አለባችሁ። ወለዱን ለ30 ዓመት መቆለፍ ትችላላችሁ። ዕዳውም ኪራዩም በዶላር ነው። የንብረት ታክሱና ኢንሹራንሱ ግን እየጨመረ ይሄዳል፤ ጥገናውም የእናንተ ነው። እዚህም ቢሆን የተጣራው ኪራይ ከወርሃዊ ክፍያው ካነሰ ተዉት።

ባዶ ቅጽ አዘጋጅቻለሁ፣ መግቢያው ጠረጴዛ ላይ አለ። በግራ በኩል ወጪ፣ በቀኝ በኩል ኪራይ ነው። ውል ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ አሁን አውጡት፤ የርክክብ ቀኑንና የመዘግየት ቅጣቱን አንቀጽ አብረን እናያለን። ወደ ጥያቄ እንለፍ።