«ስሜን ዘለሉት» — የቅዳሜ ምሽት የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ቅዳሜ ማታ በሬዲዮ ስልኩን ስንከፍት ያለን አንድ ሰዓት ነው። እሱም በማስታወቂያ ይሸራረፋል፣ አንዳንዴ መብራት ይበላዋል። ባለፈው ሳምንት ርዕሳችን «እምነታችን ከልብ ነው ወይስ ለታይታ?» የሚል ነበር። ሐዋሳ እንዲህ ስትደውል አይቼ አላውቅም። ሳይመለሱ የቀሩም፣ በችኮላ የመለስኳቸውም ስላሉ እዚህ በጽሑፍ ልጨርሳቸው። ስም አልጠራም፣ ሰፈር ብቻ። እኔ ወንጌላዊ አማኝ ነኝ፤ የሚደውሉት ግን ከሁሉም ቤት ናቸው። ስለዚህ የሥርዓት ጥያቄ ሲመጣ ወደየአባቶቻችሁ ነው የምልካችሁ።

አንድ አባት፣ ከመናኸሪያ፦ «ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ 30 ሺህ ብር ቃል ገብቼ በሳምንቱ አስገባሁ። የከፈሉ ሰዎች ስም በማይክ ሲነበብ የኔን ዘለሉት። ከዚያ ወዲህ መሄዱም ደስ አይለኝም። ሄጄ ልጠይቅ ወይስ ዝም ልበል?»

አባቴ፣ መጀመሪያ ደረሰኝ አለዎት? ካለዎት ሄደው ገንዘብ ያዡን ይጠይቁ። ይሄ ኩራት አይደለም። 30 ሺህ ብር የት እንደገባ መታወቅ አለበት፣ ስህተትም ከሆነ ይታረማል። የሒሳቡን ጉዳይ ከልብ ጉዳይ ጋር አናደባልቀው።

የልቡ ነገር ለብቻው ነው። ብዙ ጊዜ የታዘብኩት ነገር አለ። ሰው ሲሰጥ ለምን እንደሚሰጥ አያውቀውም። ሁላችንም «ለእግዚአብሔር ነው» እንላለን፣ ደግሞም ከልባችን እናምነዋለን። የሚለየው ምስጋናው የቀረ ዕለት ነው። ስምዎ ቢነበብ ኖሮ ደስ ብሎዎት ቤትዎ ይገቡ ነበር፣ ውስጥዎ ምን እንደነበረም ሳያውቁት ይቀሩ ነበር። ስለዚህ ቅሬታው ኃጢአት ነው ብዬ አላስጨንቅዎትም፤ ድሮም የነበረውን ነው ያሳየዎት። ይዘውት ይጸልዩ።

ማቴዎስ 6 ላይ ጌታ መለከት እያስነፉ ስለሚመጸውቱ ሰዎች ሲናገር «ዋጋቸውን ተቀብለዋል» ይላል። በግሪኩ ይህ «ተቀብለዋል» የተባለው ቃል በዚያ ዘመን ደረሰኝ ላይ ይጻፍ የነበረ ቃል ነው። ሙሉው ደርሶኛል፣ ቀሪ የለም እንደማለት። ጭብጨባ የፈለገ ጭብጨባውን ወሰደ፣ ሒሳቡ ተዘጋ። እርስዎ ግን ጭብጨባውን አላገኙም አባቴ። ሒሳብዎ ገና ክፍት ነው! እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ስሙን የዘለለውን ሰው አመሰግነው ነበር። ውሸቴን ነው፣ እኔም እናደድ ነበር፤ ከሦስት ቀን በኋላ ግን አመሰግነው ነበር።

ለቀጣዩ አንድ ነገር ይሞክሩ። ትንሽ ብር በፖስታ ያድርጉና ስም ሳይጽፉ የመባው ሣጥን ውስጥ ይጣሉት። ለባለቤትዎም አይንገሩ። ያን ቀን ማታ ምን እንደሚሰማዎት ደውለው ይንገሩኝ።

እግረ መንገዴን ማይክ የምትይዙ ወንድሞችም ስሙኝ። «50 ሺህ የሚል ማን ነው? እልል በሉለት!» ስንል 200 ብር በመቀነቷ ቋጥራ የመጣች እናት ከኋላ ወንበር ላይ አንገቷን ትደፋለች። ማርቆስ 12 ላይ ጌታ ከመዝገቡ፣ ማለትም ከመባው ሣጥን ፊት ለፊት ተቀምጦ ያያት መበለት የጣለችው ሁለት ሳንቲም ነበር። በኛ ማይክ ቢሆን ስሟ አይነበብም።

የባጃጅ ሾፌር፣ ከአቶቴ፦ «ከኋላ መስታወቱ ላይ 'እግዚአብሔር እረኛዬ ነው' የሚል ለጥፌአለሁ። ሲመሽና ሲዘንብ ግን ታሪፍ እጨምራለሁ። ጥቅሱን ልንቀለው?»

ጥቅሱ ምን አጠፋ? የሚቀጥለውን መስመር አንብበው፤ «የሚያሳጣኝም የለም» ይላል። ነዳጅ ተሰልፈህ ግማሽ ቀንህ እንደሚሄድ አውቃለሁ፣ ኑሮውም እንደዚያው። ግን ዝናብ ላይ የቆመ ሰው አማራጭ የለውም፣ አንተም ያንን አይተህ ነው የምትጨምረው። ተወው። ጥቅሱ ይቆይ፣ ሲመሽ ያሳፍርህ።

የወጣቶች ኅብረት አስተባባሪ፣ ከታቦር ክፍለ ከተማ፦ «በየወሩ ለአሥር ቤተሰብ ዘይትና ዱቄት እናደርሳለን። ለጋሾቹ ውጭ አገር ስላሉ ቪዲዮ እንቀርጻለን፣ ቲክቶክ ላይም እንለቃለን። አንዳንዱ 'እዩኝ እዩኝ ያለ ደብቁኝ ደብቁኝ ያመጣል' እያለ ይተርተናል። ጌታስ ራሱ ብርሃናችሁ በሰው ፊት ይብራ አላለም?»

ብሏል፣ ማቴዎስ 5፥16። ገጹን ገለጥ ስታደርጉት ደግሞ «ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ» ይላል። ሁለቱም የአንድ ተራራ ስብከት ናቸው፣ አይጣሉም። 5፥16ን እስከ መጨረሻው ሂዱበት። ሰዎች መልካሙን ሥራ አይተው በሰማይ ያለውን አባታችሁን እንዲያከብሩ ነው የሚለው። እንግዲህ የቪዲዮውን ኮሜንት ክፈቱና ራሳችሁ አንብቡት፤ ማን ነው የተመሰገነው?

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ለኔም ቀላል አይደለም። ከዓመታት በፊት ከአንድ ቡድን ጋር እንዲህ ያለ ሥራ ላይ ነበርኩ። አንዲት እናት ቤት ሄድን፣ በሯ ላይ ቆማ ጠበቀችን። ባለ አምስት ሊትር ዘይት ሰጠናት፣ በሁለት እጇ ተቀብላ ፈገግ አለች፣ መረቀችን። ቀራጩ ልጅ ስልኩን አየና «ውይ፣ አልተቀረጸም! እማማ አንዴ ይመልሱልንና እንደገና እንስጥዎት» አላት። መለሰችልን። እንደገና ሰጠናት። እንደገና ጎንበስ ብላ ተቀበለች፣ ሁለተኛው ላይ ግን ፈገግታው አልነበረም፣ ምርቃቱም አጠረ። ቪዲዮው ላይ ያለው ሁለተኛው ነው። ዘይቱን የሚሰጠው እጅ የኔ ነው።

ለጋሾቹ ማስረጃ መጠየቃቸው ትክክል ነው፣ ያንን አላቃልልም። የገዛችሁበትን ደረሰኝ፣ የተደረደረውን ዘይትና ዱቄት፣ ፈርመው የተቀበሉትን ሰዎች ብዛት በቴሌግራም ላኩላቸው። ፊት አያስፈልግም። ልጇ ነገ ትምህርት ቤት «እናትሽን ቲክቶክ ላይ ሲረዷት አየናት» ትባላለች እኮ። ደግሞ እናንተን ራሳችሁን ለመፈተን ከፈለጋችሁ፣ በሚቀጥለው ወር ከአሥሩ ሁለቱን ቤት ያለ ስልክ ሂዱ። ስልኮቹ ቢሮ ይቀመጡ። ከቡድኑ ስንት ሰው እንደመጣ ቁጠሩ።

ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራ እህት፦ «አገር ቤት ሳለሁ ሰንበት አልቀርም፣ ጾም አልገድፍም ነበር። እዚህ ከአራት ልጆች ጋር ተከራይቼ ነው የምኖረው፣ የሚጠይቀኝ የለም። ሦስት ወር ሙሉ ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። እምነቴ የእናቴ ነበር ማለት ነው?»

እህቴ፣ ያንቺን ድምፅ ቅጂ ደግሜ ነው ያዳመጥኩት። ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከገጠር ስንት ልጅ እንደመጣ በሰፈራችን የምናየው ነው፣ ይህ ጥያቄም ያንቺ ብቻ አይደለም። አንደኛ፣ ደክሞሻል። ሳምንቱን ሙሉ ማሽን ላይ ውለሽ፣ እሑድ ልብስ አጥበሽ፣ የሳምንቱን ሽሮ አሰናድተሽ ስትጨርሺ መሽቷል። ድካምን ክህደት አትበይው።

ሁለተኛ፣ እምነትን ከእናት መውሰድ ነውር አይደለም። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ይህ እምነት አስቀድሞ በአያትህ በሎይድ፣ በእናትህም በኤውንቄ ነበረ ይለዋል። እንደ ውለታ ነው የሚጠቅሰው።

ግን እውነት ነው፣ አንድ ቀን የራስ መሆን አለበት። ዮሐንስ 4 ላይ የሰማርያ ሰዎች መጀመሪያ ያመኑት ጌታን ጉድጓድ ዳር ባገኘችው ሴት ወሬ ነው። ኋላ ጌታ ራሱ ሁለት ቀን አብሯቸው ከሰነበተ በኋላ «አሁን የምናምን ስለ ቃልሽ አይደለም፣ እኛ ራሳችን ሰምተነዋልና» አሏት። አንቺ አሁን መሐል ላይ ነሽ። አገር ቤት ይሉኝታም ይይዝሻል፤ ጎረቤት ያያል፣ አክስት ትጠይቃለች፣ የቀረሽ እንደሆነ እናትሽ ታፍራለች። እዚህ ያ ሁሉ የለም። እና ያ ሁሉ በሌለበት አገር፣ ማንም ሳያስገድድሽ፣ ከሥራ ወጥተሽ ካርድ ሞልተሽ ደወልሽ። ይሄ የእናትሽ ጥያቄ ነው እንዴ? እናትሽ አልደወለችም።

ሁሉንም ባንድ ቀን አትመልሺው። ከመተኛትሽ በፊት ልጆቹ ሳያዩሽ አሥር ደቂቃ ጸልዪ፣ ለጊዜው እሱ ይበቃል። የጾሙን ነገር እኔ አልፈርድም፣ የንስሐ አባት ነው የሚነገረው። እዚህ የሚያውቅሽ ካህን ከሌለ ገብርኤል ሄደሽ ጠይቂ። ታኅሣሥ 19 ሕዝቡ ሲጎርፍ አይደለም፣ ማን ይሰማሻል? ሥራ በሌለሽ ተራ ቀን፣ ጠዋት ሂጂ፣ ግቢው ጸጥ ያለ ነው። እና እናትሽ ስትደውል «እየሄድኩ ነው» እያልሽ ከሆነ እሱን ዛሬውኑ አቁሚ።

ወንድም፣ ከሐይቅ ዳር፦ «ወደ ጌታ የመጣሁት በአንድ ሰባኪ ስብከት ነው። ኋላ ለገንዘብ ብሎ እንደሚሠራ በዓይኔ አየሁ። የኔስ እምነት ውሸት ነበር?»

አልነበረም። ጳውሎስ እስር ቤት ሆኖ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ሲጽፍ፣ አንዳንዶች በቅንዓትና በክርክር እንደሚሰብኩ ያውቃል፤ እንዲያም ሆኖ ክርስቶስ በመሰበኩ ደስ ይለኛል ይላል። ጥያቄህ አሮጌ ነው። በ4ኛው መቶ ዘመን ሰሜን አፍሪካ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን በዚሁ ተከፍላ ነበር። የሮሙ ንጉሥ ዲዮቅልጥያኖስ ክርስቲያኖችን ባሳደደ ጊዜ ቅዱሳት መጻሕፍትን አሳልፈው የሰጡ ካህናት ያጠመቁት ጥምቀት ይቆጠራል ወይ ተባለ። የዚያው አገር ጳጳስ አውግስጢኖስ ጥምቀቱ የክርስቶስ ነው እንጂ የአጥማቂው አይደለም አለ። ምሳሌውም ይገባል፤ ውኃ በድንጋይ ቦይ አልፎ አትክልት ያጠጣል፣ ቦዩ ላይ ግን ምንም አይበቅልም። አንተ ጠጥተሃል ወንድሜ። ለቦዩ ብር መላክህን ግን አቁም።

ስሙን ያልተናገረ ወንድም፦ «እጮኛዬ ቤተሰቦቿ እሷ የምትሄድበት ቤተ ክርስቲያን ካልገባሁ አይድሩንም አለችኝ። ገባሁ፣ ትምህርቱንም ጨረስኩ። ሠርጋችን ቀርቧል። እኔ ግን አላመንኩበትም። ከሠርጉ በኋላ ቀስ ብሎ ይመጣል ብዬ ዝም አልኩ።»

በዚህ ከተማ ይሄ ጥያቄ በየቡና ቤቱ አለ፣ በሬዲዮ የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው። ስለ ደወልክ አመሰግንሃለሁ።

በሰው ምክንያት መግባት በራሱ ክፉ አይደለም። ሩትን አስባት። መጀመሪያ የተከተለችው አማቷን ኑኃሚንን ነው፤ «ሕዝብሽ ሕዝቤ፣ አምላክሽም አምላኬ ይሆናል» አለች፣ ሕዝቡ እንኳ በቅደም ተከተል ቀድሟል። ብዙ ሰው እንደዚህ ነው የሚጀምረው፣ በጓደኛ፣ በመዝሙር፣ በሠርግ። ልዩነቱ ሩት ከኑኃሚን የምታገኘው ነገር አልነበረም፣ ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ነበሩ። የአንተ ግን ዋጋ አለው፣ ዋጋውም ሚስት ነው። ሮሜ 14 ላይ ጳውሎስ ስለ መብልና ስለ ቀን ሲከራከሩ «እያንዳንዱ በገዛ አእምሮው አጥብቆ ይረዳ» ይላል። በመብል እንዲህ ከተባለ በጥምቀትና በቃል ኪዳን ምን ሊባል ነው?

ስለዚህ ከሠርጉ በፊት ንገራት። ለአባቷ አይደለም፣ ለሽማግሌዎቹም አይደለም፣ ለእሷ። «አልገባኝም፣ እየፈለግኩ ነው፣ ማስመሰሉ ግን ሰለቸኝ» በላት። ልትቆጣ ትችላለች። ሠርጉ ሊገፋ ይችላል፣ ድንኳን ተከራይታችሁ ከሆነ ብሩም ሊቀልጥ ይችላል። ያም ሆኖ ከአሥር ዓመት በኋላ ልጅ ይዛችሁ በየእሑዱ ጎኗ ቆመህ አፍህን ብቻ ከምታንቀሳቅስ ይሻላል። ምናልባትም ያስተማረህ ሰው ራሱ «አልገባኝም» የሚል ተማሪ ሲያገኝ ደስ ይለው ይሆናል፤ እኔ ሳስተምር የምፈራው ሁሉንም «አዎ» የሚለውን ነው።

ብቻ ቶሎ በል። ስምህን ደበቅክ እንጂ ድምፅህን አልደበቅክም፣ ፕሮግራማችን ደግሞ እሑድ ከሰዓት ይደገማል።