ቅድመ አያት፣ ምንጅላት፣ ሰባት ቤት፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ቅድመ አያት ለሴትም ይባላል?

አዎ፣ ለወንድም ለሴትም።

የአያቴን አያት ምን ልበል? ልጆቼ «ቅድመ ቅድመ አያት» ይላሉ።

ይበሉ፣ ሰው ይገባዋል። «ቅድመ» የግእዝ ቃል ነው፤ «በፊት» ማለት ነው። ስለዚህ ቅድመ አያት የአያት ወላጅ ነው። ከእሱ አንድ ከፍ ያለው በብዙ ቦታ ምንጅላት ይባላል። ከዚያ በላይ እንጅላት እየተባለ ይቀጥላል፤ ቅደም ተከተሉ ግን ከአገር አገር ይለያያል። ለዚህ ነው ሁልጊዜ «ስም ጻፉ» የምላችሁ። «ምንጅላቴ» ብቻ ብሎ የመዘገበ ሰው ልጆቹን ያደናግራል።

ልንጋባ ነው። ሁለታችንም እስከ ሰባት አባት ቆጠርን፤ አልተገናኘንም። በቃ ነፃ ነን?

የለም ልጄ፣ ገና ነህ። ይህን ጥያቄ ስሰማ ሁሌም እደነግጣለሁ። የቆጠርከው አባት አባቱን ብቻ ነው። ወላጆችህ 2፣ አያቶችህ 4፣ ቅድመ አያቶችህ 8 ናቸው። እንዲህ እየተባዛ ሰባተኛው ላይ 128 ይደርሳል። ሲደመር 254 ሰው ነው፤ አንተ 7ቱን ብቻ ጠርተህ ተነሣህ! የእናትህ አያትና የእጮኛህ አያት እህትማማች ቢሆኑ በአባት ቆጠራ በፍጹም አይታይም።

ስለዚህ በሁለቱም ቤት ያሉ አክስቶችንና አሮጊቶችን ጠይቁ። ሴቶቹንም ቁጠሩ። ስም ጻፉ፤ ከስሙ ጋር የክርስትና ስሙን፣ የፈረስ ስሙን፣ የትውልድ ቀዬውን ጨምሩ። አንዱን ሰው አንደኛው ቤት በመጠሪያ ስሙ፣ ሌላው ቤት በፈረስ ስሙ ሊያውቀው ይችላል። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ይሁን፤ ድንኳን ከተተከለ በኋላ ሲሰማ የሁለት ቤት ለቅሶ ነው።

ሕጉን ለሚጠይቁ፦ የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ በሥጋ ዘመድ በኩል የሚከለክለው ወደ ላይና ወደ ታች በቀጥታ የሚወለዱትን፣ እህትና ወንድምን፣ አክስትና አጎትን ነው። ሰባት ቤት የባህልና የእምነት ሥርዓት ነው። በዘር የሚተላለፍ በሽታ በቤተሰባችሁ ካለ ደግሞ ሐኪም አማክሩ።

ልጅ ያልነበረው ዘመዳችን ሞተ። የምንገናኘው በቅድመ አያት ነው። እንወርሳለን?

ኑዛዜ ከሌለና ከእናንተ የቀረበ ዘመድ ከጠፋ፣ ይቻላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቅድመ አያቶችንና ተወላጆቻቸውን በአራተኛ ደረጃ ያስቀምጣል። «ዘመዱ ነን» ማለት ግን ፍርድ ቤት አያስኬድም። የዘር ሐረጉን ስም በስም ጻፉና ጠበቃ ጋ ሂዱ።