ኬሞ ላይ ያለ ልጅና ፈንገስ፦ ከፋርማሲ ክኒን ገዝታችሁ እንዳትሰጡ!

እንኳን በደህና መጣችሁ! ዛሬ በሉኬሚያ፣ ማለትም በደም ካንሰር ታመው ኬሞ ስለሚወስዱ ልጆች ነው የምናወራው። ስለ ልጆቹና ስለ ፈንገስ።

እኔ የሐረር ልጅ ነኝ፣ ስለዚህ በጀጎል ልጀምር። ግንቡ አለ። በሮቹ አሉ። ድሮ ማታ ማታ ይዘጉ ነበር፣ ዘበኛም ነበራቸው። ከግንቡ ሥር ደግሞ ጅብ የሚሾልክባቸው ቀዳዳዎች አሉ። ጅቡ ሌሊት ይገባል፣ የወዳደቀውን ይለቃቅማል፣ ይወጣል። ሐረር ውስጥ ማን ይደነግጣል? ማንም! ፈንገስም እንደዚያው ነው። አፈር ውስጥ አለ፣ አቧራ ውስጥ አለ፣ የበሰበሰውን ይበላል። አሁን እየተነፈስነው ነው እኮ! ምንም አንሆንም፣ ዘበኞቹ አሉና። ነጭ የደም ሴሎቻችን ማለቴ ነው።

ኬሞ ግን ካንሰሩን ሲመታ ዘበኞቹንም ይመታል። የአፍና የአንጀትን ስስ ሽፋንም ያቆስላል። ግንቡ ተሰነጠቀ፣ በሩ ላይም ሰው የለም። ያ ሁሌም የምናውቀው ጅብ ያኔ አደገኛ ይሆናል።

የሕክምናውን ጉዳይ ቶሎ ልበለው። ኒውትሮፊል፣ ማለትም ከነጭ የደም ሴሎቹ አንዱ ዓይነት፣ በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ከ500 በታች ወርዶ ከ10 ቀን በላይ ከቆየ፣ በተለይ ስቴሮይድ የሚባለው የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት ከታከለበት፣ አደጋው ይጨምራል። ካንዲዳ የሚባለው ፈንገስ ከአንጀት ወይም ደም ሥር ላይ ከተተከለው ቱቦ ወደ ደም ይገባል። አስፐርጊለስ የሚባለው ደግሞ በአየር ገብቶ ሳንባ ይይዛል። አንቲባዮቲክ ተጀምሮ ትኩሳቱ አራት ቀን አልበርድ ካለ፣ ሐኪሞች ፈንገስ ይጠረጥራሉ። የደረት ሲቲ ስካን ይታዘዛል።

አሁን ብዙዎቻችሁ ወደ ጠየቃችሁት ልምጣ። «ፈንገስ ከሆነማ የጭርቱን ክኒን ከፋርማሲ ገዝተን ብንሰጠውስ?» አቦ፣ በፍጹም! ብዙዎቹ ሉኬሚያ ያለባቸው ልጆች ቪንክሪስቲን የሚባል የኬሞ መድኃኒት ይወስዳሉ። ኢትራኮናዞልና መሰሎቹ የፈንገስ ክኒኖች ደግሞ ጉበት ቪንክሪስቲንን እንዳያስወግድ ያግዱታል። ስለዚህ ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል፣ ነርቭ ይጎዳል። ከባድ የሆድ ድርቀት፣ የእግር መዛል፣ ብሎም የሚጥል መንቀጥቀጥ ያመጣል። ፍሉኮናዞልም ቢሆን ያለ ሐኪሙ ትእዛዝ አይሰጥም። ሐኪሙ እንደ ካስፖፈንጊን ያለ ሌላ አማራጭ አለው። እባካችሁ ይህን ቪዲዮ ልጁ ኬሞ ላይ ላለ ሰው ላኩለት። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁም አድርጉ፣ የሚቀጥለው ስለ አፍ ቁስል ነው።

ድሬም ሐረርም አቧራ አለ። ቤት ሲጠረግ ወይም ግድግዳ ሲፈርስ ልጁን ከዚያ አርቁት። ትኩሳቱ 38 ከደረሰ ፓራሲታሞል ሰጥታችሁ እስኪነጋ አትጠብቁ፣ ትኩሳቱን ይደብቀዋል። ኬሞውን አዲስ አበባ ጀምራችሁ የተመለሳችሁም ብትሆኑ፣ በዚያው ሌሊት ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ውሰዱት። የመጀመሪያ ቃላችሁም «ልጄ ኬሞ ላይ ነው» ይሁን።