የቆየውን ቤት እናፍርሰው ወይስ እንጠግነው?

ጥያቄ፦ ከጎንደር አራዳ የምደውል አድማጭ ነኝ። ከወላጆቼ የወረስኩት የእንጨትና ጭቃ ቤት ግድግዳው እየተፈረፈረ ነው። ግንበኛው አፍርሼ በብሎኬት እንድሠራው መከረኝ። እርስዎስ ምን ይላሉ?

መልስ፦ እህቴ፣ ለማፍረስ ከመወሰንዎ በፊት ቤቱን የጎዳው ምን እንደሆነ ይጣራ። እንዲህ ያለውን ቤት አብዛኛውን ጊዜ የሚጥለው ዕድሜው ሳይሆን ውሃ ነው፤ ቆርቆሮው ያፈስሳል፣ አሸንዳው ይሰበርና የክረምቱ ዝናብ ግድግዳው ሥር ይወርዳል፣ ወይም የደጁ አፈር ከዓመት ዓመት ከፍ እያለ የቋሚዎቹን እግር ይቀብራል። ግድግዳው በሲሚንቶ ተለስኖ ከሆነ ጉዳቱ ይብሳል፤ ሲሚንቶ ከጭቃው ጋር አብሮ ስለማይላወስ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ የገባው እርጥበትም መውጫ አጥቶ እንጨቱን ያበሰብሳል። ስለዚህ ከግርጌው አንድ ክንድ ያህል ልስኑን አስነሥተው የቋሚዎቹን እግር በቢላዋ ጫፍ ያስፈትሹ። ቢላዋው ያለ ችግር ከገባ ያ ቋሚ አልቋል። የበሰበሱት ጥቂት ከሆኑ አንድ በአንድ ተቀይረው፣ ማገሩ ጠብቆ፣ ከጭድ ጋር ተቦክቶ በሰነበተ ጭቃ እንደገና ሊመረግ ይችላል። አብዛኞቹ ቋሚዎች ካለቁና ግድግዳው ካዘመመ ግን ቤቱ ይፍረስ፤ የሰው ሕይወት ይቀድማል።

የሲሚንቶውን ነገር አጥብቄ የማነሣው በፋሲል ግቢም ስላየነው ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በተጀመረው ጥገና ለግንቦቹ የማይስማሙ ዘመናዊ ቁሳቁሶች ገብተው ነበር፤ በኋላ ግን ሥራው ወደ ጥንቱ የኖራ ቡኮ ተመልሷል። ኖራ እርጥበትን ያስወጣል፣ ከድንጋዩም ጋር ይስማማል። እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ግንብ ይህን ያህል ጥንቃቄ ከፈለገ፣ የወላጆችዎ ቤትም ቢያንስ ተገቢውን ልስን ማግኘት ይገባዋል።

ጥያቄ፦ ፒያሳ ያሉት ሕንፃዎች ጣሊያን የሠራቸው ናቸው። የወራሪ ሥራ ለምን ይጠበቃል?

መልስ፦ ጥያቄው የሚያሳፍር አይደለም፤ ቁጭቱንም እጋራዋለሁ። ነገር ግን ፖስታ ቤቱና ሲኒማ ቤቱ ወራሪው በዚህች ከተማ ለዘለቄታው ለመቀመጥ አስቦ እንደነበር በዓይን የሚታዩ ማስረጃዎች ናቸው። ያ ሐሳብ በኅዳር 1934 ዓ.ም. እዚሁ ጎንደር ላይ ከሽፏል፤ በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻው ትልቅ የጣሊያን ጦር እጁን የሰጠው እዚህ ነውና። ሕንፃዎቹን ብናፈርስ ለልጆቻችን የምናሳየው ምስክር እናጣለን። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ የላክንባቸው፣ ፊልም ያየንባቸው ስለሆኑም የእኛ ሆነዋል ብዬ በጽኑ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ በቅርስነት የተመዘገበ ቤት ባለቤት ነኝ። መስኮቱን በአሉሚኒየም ለመቀየር ፈቃድ ያስፈልገኛል?

መልስ፦ አዎን። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በቅርስ ላይ የሚደረግ ጥገና አስቀድሞ ከቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ሊያገኝ ይገባል። የጥበቃው ወጪ በመጀመሪያ የባለቤቱ ነው፤ ከአቅሙ በላይ ሲሆን ግን መንግሥት በከፊል እንዲያግዝ አዋጁ ስለሚፈቅድ፣ እንጨቱን መስኮት ከመንቀልዎ በፊት ማመልከቻዎን ከፎቶግራፍ ጋር ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱ ያስገቡ።