ማንን ልትገድዪ ነው?

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ እንግዳ የለም። የማወራው ስትጠይቁኝ እያለፍኩት የቆየሁትን ነገር ነው፤ ስለ ተኩስ። ዒላማ ተኩስ ማለቴ ነው። ወረቀት ላይ።

ለአክስቴ ስነግራት ቡና እያፈላች ነበር። ቀና ብላ አየችኝና «አንቺ ልጅ፣ ደህና ነሽ? ማንን ልትገድዪ ነው?» አለችኝ። አልፈርድባትም። እኛ የምናውቀው ጠመንጃ ሁለት ነው። አንዱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ነው፤ በየጊዜው የሚወለወለው፣ እንግዳ ሲመጣ ታሪኩ የሚወራለት፣ ሠርግ ላይ ወደ ሰማይ የሚተኮሰው። ሌላውን ከዜና ታውቁታላችሁ። ለጨዋታ የሚተኮስ ሦስተኛ አለ ብሎ ማስረዳት ከባድ ነው። ያውም ሽለላና ፉከራ የሌለበት!

እኔ ደግሞ የወደድኩት ፉከራ ስለሌለበት ነው።

የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። እዚህ አገር መሣሪያ ብርቅ አይደለም። እኔ የምተኩሰው ግን የአየር ሽጉጥ ነው። ባሩድ የለውም፣ ጥይቷን የሚገፋት የታመቀ አየር ነው። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ እንደ ጦር መሣሪያ አይቆጠርም፣ በየግዛቱ ያለው ሕግ ግን ይለያያል። ጥይቷ 4.5 ሚሊሜትር ውፍረት ያላት ሚጢጢ እርሳስ ናት፤ ክብደቷ ግማሽ ግራም ገደማ። ጫፏ ጠፍጣፋ ነው፣ ወረቀቱን ሳትቀድ ክብ አድርጋ ቆርጣ እንድትወጣ። ርቀቱ 10 ሜትር ነው። በአንድ እጅ ይተኮሳል። መሃል ላይ ያለችው የአስር ነጥብ ክብ 11.5 ሚሊሜትር ናት፣ የሸሚዝ ቁልፍ ታክላለች። በአየር ጠመንጃው ደግሞ አስሯ ግማሽ ሚሊሜትር ነጥብ ናት። ግማሽ! ጥይቷ ራሷ ዘጠኝ እጥፍ ትበልጣታለች።

እስቲ አሁን እጃችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ዘርጉና አንድ ኪሎ የሚሆን ነገር ያዙ። ይንቀጠቀጣል አይደል? የሁሉም ሰው ይንቀጠቀጣል፣ የኦሊምፒክ ሻምፒዮኑም ጭምር። ጀማሪ ምን ያደርጋል፣ ማነጣጠሪያው መሃል ላይ ሲደርስለት «አሁን!» ብሎ ቃታውን ጥርቅም ያደርጋል። ጣቱ ብቻ ቢንቀሳቀስ ጥሩ ነበር፣ ግን መላ እጁ አብሮ ይጨብጣል፣ ጥይቷም ወደ ታች ትወርድና አምስት ላይ ታርፋለች። አሰልጣኞች ሌላ ነው የሚሉሽ። ይንቀጥቀጥ፣ ተዪው። ዓይንሽ የፊተኛው ማነጣጠሪያ ላይ ይሁን፣ ዒላማው ደብዘዝ ይበል። ቃታውን ሳትቸኩዪ እየጨመርሽ ሳቢ፣ የምትወጣበትን ቅጽበት አንቺም አትወቂው። እስቲ አስቡት፣ ለመምታት ዒላማውን አትዪው ነው የሚሉት! ይሄ ነገር እስኪገባኝ ብዙ ወረቀት አበላሽቻለሁ።

ደግሞ ጥይቷ ከወጣች በኋላ እጅ ወዲያው አይወርድም። ትንሽ እዚያው ይቆያል። ከዚያ ወረቀቱን ሳታዩ የት እንደመታችሁ ትናገራላችሁ። «ግራ፣ ዝቅ ያለ፣ ስምንት።» ከዚያ ታያላችሁ። ግምቱና ቀዳዳው ከተገጣጠሙ፣ ስምንትም ቢሆን ደስ ይላል። ምክንያቱን አውቀሽዋላ። ሳያውቁት የተመታ አስር ግን እኔን ያናድደኛል።

ውድድር ላይ 60 ጥይት በ75 ደቂቃ ነው። ከባዱ መተኮሱ አይደለም፣ ሳይተኩሱ ማውረዱ ነው። አነሳሽ፣ አነጣጠርሽ፣ ሐሳብሽ ወደ ቤት ኪራይ ሄደ፤ አውርጂው። እሺ ብሎ የሚያወርድ ጥቂት ነው። ሰው አንዴ ካነሳ መጨረስ ይፈልጋል።

የዚህ ጨዋታ ሰዎች ሲሰበሰቡ ስለ ምን የሚያወሩ ይመስላችኋል? ስለ ጫማ! ሶሉ ጠፍጣፋ መሆን አለበት፣ ይሄኛው ተረከዙ ይወዛወዛል፣ ያኛው ጣት ያጨናንቃል። የጠመንጃዎቹ ተወዳዳሪዎች ደግሞ ከወፍራም ሸራ የተሰፋ ደረቅ ጃኬትና ሱሪ ይለብሳሉ፣ ሲራመዱ ጉልበታቸው አይታጠፍም፣ ሳቅ ነው። የማይጠቀሙበትን ዓይን አይጨፍኑም፣ ፊት ይኮማተራላ፤ በትንሽ ነገር ይጋርዱታል እንጂ።

የሃያ ሁለት ካሊበር ሰዎች፣ ማለትም ባሩድ ያላትን ትንሿን ጥይት የሚተኩሱት፣ ከሁሉም ይብሳሉ። ያው ስም፣ ያው ፋብሪካ፣ ያው ሳጥን ነው፤ እነሱ ግን በየምርቱ የታተመውን ቁጥር እያዩ ይመርጣሉ። አንዱ ጠመንጃ አንዱን ምርት ይወዳል፣ ጎኑ ያለው ጠመንጃ ያንኑ ይጠላል። ስለዚህ ይሞክራሉ፣ የተስማማው ሲገኝ ከዚያው ቁጥር ካርቶን ሙሉ ይሸምታሉ። ፈጣን ጥይትም አይፈልጉም። ከድምፅ ፍጥነት በላይ ወጥታ መንገድ ላይ ከድምፅ በታች ስትወርድ ትናወጣለች፣ ስለዚህ ከመጀመሪያው ከድምፅ ዝግ የምትለውን ነው የሚገዙት። አንድ ሽማግሌ ይሄን ሲያስረዳኝ ምሳዬ ቀዘቀዘ።

አሁን ወደ ቡና። ይሄ የእኛ ጉዳይ ነው። ቡና ልብ ያስመታል፣ የልብ ምት ደግሞ እጅ ላይ ይደርሳል። ከውድድር በፊት ቡና የማይነኩ አሉ። ልብ የሚያረጋጋ መድኃኒት መውሰድ ደግሞ በዚህ ስፖርት እንደ ዶፒንግ ነው። በፈረንጆቹ 2008 ቤጂንግ ላይ የሰሜን ኮሪያው ኪም ጆንግ ሱ ሁለት ሜዳሊያ የተነጠቀው በዚሁ ነው። ሌላው አትሌት ልቡ እንዲፈጥንለት ሲለፋ እኛ ዝግ እንዲልልን። እኔ መፍትሔ አለኝ፤ አቦሉን እጠጣለሁ፣ ቶናና በረካ ከተኩስ በኋላ። አክስቴ ይሄን ከሽጉጡም በላይ ነው ያዘነችበት።

የምወደው ታሪክ አለ። አቴንስ፣ 2004። አሜሪካዊው ማት ኤመንስ በ50 ሜትር ጠመንጃ እየመራ የመጨረሻዋ ጥይት ላይ ደረሰ። ደህና ነገር ቢመታ ወርቁ የእሱ ነው። አነጣጠረ፣ ተኮሰ፣ መታ። የመታው ግን የጎረቤቱን ዒላማ ነበር። ዜሮ። ከአንደኛ ወደ ስምንተኛ ወረደ። በኋላ ቁጭ ባለበት ካትርዢና ኩርኮቫ የምትባል የቼክ ተኳሽ ልታጽናናው መጣች። በ2007 ተጋቡ። ቤጂንግ ላይ እሷ የጨዋታዎቹን የመጀመሪያ ወርቅ ወሰደች። እሱስ? እንደገና እየመራ፣ እንደገና የመጨረሻዋ ጥይት፣ 4.4 መትቶ አራተኛ ወጣ። አልተወውም፣ በ2012 ለንደን ላይ በዚያው ውድድር ነሐስ አገኘ። እኔ ይሄን ሰው ከወርቅ ባለቤቶቹ አስበልጬ ነው የምወደው።

«የሴት ነገር ነው እንዴ?» ለምትሉኝ ደግሞ፣ በ1976 ሞንትሪያል ኦሊምፒክ ላይ አሜሪካዊቷ ማርጋሬት መርዶክ ከወንዶች ጋር ተወዳድራ ከአገሯ ልጅ ከላኒ ባሻም ጋር እኩል ነጥብ አመጣች። በደንቡ መሠረት ወርቁ ለእሱ ሆነ፤ እሱ ግን መድረኩ ላይ እጇን ይዞ ወደ ላይኛው እርከን አወጣት። በ1992 ባርሴሎና ቻይናዊቷ ዣንግ ሻን በስኪት፣ ማለትም እየበረረ ያለ የሸክላ ሳህን በመምታት፣ ወንዶቹን ሁሉ አሸንፋ ወርቅ ወሰደች። በቀጣዩ ኦሊምፒክ ምን ሆነ? ሴቶች በዚያ ውድድር እንዳይገቡ ተደረገ። የሴቶች ስኪት የመጣው በ2000 ነው። አስተያየት አልሰጥም፣ ሰጥቼ አልጨርስማ።

የቱርኩን ሰውዬ ሳልጠቅስ ባልፍ ትጮሁብኛላችሁ። ዩሱፍ ዲኬች፣ ፓሪስ 2024፣ በ51 ዓመቱ፣ ከሸቫል ታርሃን ጋር በጥንድ የብር ሜዳሊያ። እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ተራ መነጽር አድርጎ። ሰው ሁሉ «ከቤቱ ተነስቶ መጣ» ብሎ ቀለደ። እጅ ኪስ ውስጥ መክተት እኮ የተለመደ ነው፣ ነፃው እጅ ሰውነት እንዳያወዛውዝ ነው። ደግሞ ያ ለእሱ አምስተኛ ኦሊምፒኩ ነበር!

ሁሉም ነገር ደስ ይለኛል ብዬ አልዋሽም። እኔ የምሄድበት ሬንጅ (የተኩስ መለማመጃ ቦታ) ጎን የሰው ቅርጽ ያለው ወረቀት ላይ ካዝና ሙሉ የሚያራግፉ አሉ። መብታቸው ነው፤ እኔ ግን ጸጥ ባለ ሰዓት ነው የምሄደው። ከአገር ቤት መጥፎ ዜና በሰማሁበት ሳምንት ደግሞ ሽጉጡን ማየት አልፈልግም። የማስቀምጥበት ሣጥን ተቆልፎ ይከርማል። የአየርም ቢሆን ቅርጹ ያው ነው፣ ልብ አይለየውም። አብረውኝ ለሚተኩሱት ይሄን ማስረዳት ከብዶኛል፣ አክስቴ ግን ሳልነግራት ገብቷታል። አሁን «ማንን ልትገድዪ ነው» አትልም። «ዛሬ ስንት መታሽ?» ነው የምትለው። አንድ ወረቀቴን ፍሪጅ ላይ ለጥፋዋለች፤ የባሰውን መርጣ።

እንሞክር ለምትሉ ሁለት ሦስት ነገር ልበልና ልሰናበት። መሣሪያ ሁልጊዜ ጎርሷል ብላችሁ ያዙት። ጣት ከቃታ ውጪ፣ አፈሙዝ ወደ ዒላማ። «ኮልድ»፣ ማለትም ተኩስ ቆሟል፣ ሲባል ማንም ምንም አይነካም፣ መነጽር ለማንሳት እንኳ ወደ ጠረጴዛው አትጠጉ። ሲያልቅ እጃችሁን በቀዝቃዛ ውኃ በሳሙና ታጠቡ፣ እርሳስ ነው የነካችሁት፤ ሳትታጠቡ ሳንቡሳ እንዳትገምጡ። ሃያ ሁለት የምትሞክሩ ከሆነ ደግሞ አንገቱ የተዘጋ ቲሸርት ልበሱ። ተፈናጥሮ የሚወጣው ቀልሃ ይፋጃል፣ ክፍት አንገት ካገኘ ሰተት ብሎ ይገባል። ከገባባችሁ መጀመሪያ መሣሪያውን አፈሙዙን ሳታዞሩ አስቀምጡ፣ ከዚያ እንደፈለጋችሁ ዝለሉ። ቻው።